መርዶ በወጀብ ጠዋት

መርዶ በማርዳት መንግሥቴን የሚያህል አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ በፌደራል ዌይ ከተማና በአካባቢው ሐበሻ ሰው ሲሞትበት ከአገር ቤት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ፊቱ ረጋ ያለ፣ አነጋገሩ የሽማግሌ። ሥራውን ይወደው እንደነበር አንደብቅም፤ «ጋሼ መንግሥቴ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር?» ሲባል አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሰማል እንጂ «ተዉ» አይልም።

የዚያን ዕለት ተረኛዋ ሣህሊቱ ነበረች። አዛውንቶች ስትንከባከብ ውላ ባዶ ቤት የምትገባ ሴት ናት። ወንድሟ ተክለ ጻድቅ ደብረ ብርሃን አርፎ ቤተሰቡ «አደራ፣ በስልክ እንዳትሰማ» ብሎ መንግሥቴን ለመነ። ደግፎ የሚይዝ ሰው ሳይኖር መርዶን በስልክ መስማት ለጠላትም አይመኙት።

መንግሥቴም መርዶ ሲሄድ የማትለየውን አበዛሽን ይዞ በማለዳ ወጣ። ወጀቡ ሲያጓራ አድሮ ዛፉን ጥሏል፣ መብራቱን አጥፍቷል። አፓርትመንቱ ጋ ፓርክ ሲያደርጉ ከወደ ሸለቆው የማስጠንቀቂያ ሳይረን መጮኽ ጀመረ፤ ነፋሱ ሊብስ ነውና ከቤት አትውጡ ማለቱ ነው።

«ነገ ብንመለስስ?» አለች አበዛሽ።

«አደራ ተብያለሁ እኮ» አለ መንግሥቴ።

በሩን ፍለጋ ሁለት ፎቅ ወጥተው ወረዱ። አንዳቸውም ከዚያ በፊት ቤቷን ረግጠው አያውቁም።

ሣህሊቱ ባትሪ ይዛ ከፈተች። በሌላ ቀን ቢሆን፣ በማለዳ የሚንኳኳ በር ለሐበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለምታውቅ ገና ስታያቸው ትጮኽ ነበር። ሳይረኑ ግን ምክንያት ሆነላቸው፤ ወጀቡን ፈርተውላት የመጡ መሰላት።

«ጋሼ መንግሥቴ! እትዬ አበዛሽ! በዚህ ሳይረን? ለእኔ ብላችሁ?»

መልስ አልጠበቀችም። አቅፋ አስገባቻቸው፣ የረጠበ ካፖርታቸውን ተቀበለች፣ ፎጣ አመጣች።

«ፓወር ከጠፋ ጀምሮ ፈርቼ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። አንድ ሰው እንኳ ኮል አላደረገልኝም። ሶ፣ ለካ ሰው አለኝ!»

መንግሥቴ ሁልጊዜ የሚጀምርበት የተዘጋጀ ንግግር አለው። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው «አስበንሽ ነው» የሚል ነበር። አበዛሽ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እሱ ግን ምስጋናው ጣፍጦታል፤ እውነቱ ይኸው ነው። ትንሽ ትደሰት፣ ሻይ ቢጤ ትቅመስና እነግራታለሁ ብሎ ራሱን ሸነገለ።

«ተክልዬ ሁሌ ይጨቀጭቀኛል» አለች ሣህሊቱ ስልኳን እያነሣች። «እዚያ አገር ብትወድቂ ማን ያነሣሻል ይለኛል። ቆይ ዛሬ ላሳፍረው! ከእርስዎ አፍ ይስማ፣ ጋሼ።»

ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ደወለችለት። ስልኩ መጥራት ጀመረ። ጠረጴዛዋ ጠባብ ናት፤ መንግሥቴ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር።

«ሣህሊቱ» አለ።

«ወዬ!» አለች ፊቷ በፈገግታ በርቶ።

ያንን ፈገግታ እኔ ነኝ የማጠፋው ብሎ ሲያስብ እጁን ኪሱ ከተተ። ማንም ባያነሣው ብሎ በልቡ ለመነ። ስንቱን ቤት በድፍረት ያስለቀሰ ሰው ስልክ እንዳይነሣ ይጸልይ ጀመር።

ስልኩ ተነሣ። ሃሎ ከመባሉ በፊት የሴቶች ዋይታ ክፍሉን ሞላው፤ ከመካከላቸው አንዷ ተክለ ጻድቅን በስሙ እየጠራች ታለቅስ ነበር።

ሣህሊቱ ከወንበሯ ወደቀች። አበዛሽ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አቀፈቻት። መንግሥቴ እንደቆመ ቀረ። በስልክ እንዳትሰማ አደራ የተባለ ሰው ፊቷ ቆሞ በስልክ አሰማት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ድምፅዋ ሲደክም ሣህሊቱ ቀና ብላ አየችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ባይሞት… ለእኔ ብቻ ብለው ይመጡ ነበር?»

አበዛሽ አቀረቀረች። ውጭ ሳይረኑ አሁንም ይጮኻል። መንግሥቴ የሚያባብል ቃል ሞልቶት ነበር፤ አንዱንም ማውጣት አፈረ።

«አልመጣም ነበር፣ እህቴ» አለ። «ቤትሽንም ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ሣህሊቱ ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።