ፒዛው የማን ነው

ጋሽ ሽኩር ያን እሑድ ከጠዋት ጀምረው «እምቢ» ማለት ሲለማመዱ ዋሉ። ፊታቸውን ሲታጠቡ እምቢ፣ ከአንዋር መስጊድ ሲመለሱ እምቢ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ግድግዳ እያዩ እምቢ። ያውም እኮ ከዚህ በፊት ሁለቴ ያሏት ቃል ናት! ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ፤ ከዚህ በኋላ እንደማይመለሱም ቁርጡን ተናግረዋል። ዛሬ እምቢ ካሉ ነገሩ አለቀ ደቀቀ።

የሚጠየቁት የመጨረሻ ልጃቸውን ሰሀርን ነው። ጠያቂው ዛኪር ይባላል፤ በሚሊኒየሙ ዓመት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ፒዛ ቤት የከፈተ ልጅ። ጸባዩ ሸጋ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ቤተሰቡም የታወቀ። ምን ይወጣለታል? ጋሽ ሽኩር ግን «ልጄን ለቂጣ ጋጋሪ አልሰጥም፤ ያውም ለፈረንጅ ቂጣ!» ብለው ድርቅ አሉ።

ቂጣው ሰበብ ነው እንጂ እውነቱ ሌላ ነበር። ሰሀር የቅመማ ቅመም ሱቃቸው ውስጥ ከጎናቸው ያደገች ልጅ ናት። ደንበኛ የምትጠራው እሷ፣ «አባዬ፣ ኮረሪማውን ዛሬም አላናፈስከውም!» እያለች የምትቆጣቸው እሷ፣ ሲደክማቸው የምታስቃቸው እሷ። እሷ የሌለችበትን ሱቅ ማሰብ አይሆንላቸውም። ይህን ደግሞ ለማን ይናገሩታል? ስንቱን ደላላ አንጰርጵሮ የሚመልስ የመርካቶ ነጋዴ፣ «ልጄ ትናፍቀኛለችና አልድራትም» ይላል እንዴ!

ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከተፍ አሉ። ከፊት ጋሽ ፉርቃን፤ የጋሽ ሽኩር የልጅነት ጓደኛ፣ ከአንድ ቀዬ ተነሥተው አብረው አዲስ አበባ የገቡ። ቀጥሎ ጋሽ ኢስሐቅ፤ አባታቸው የመናዊ የነበሩ፣ መጋረጃ ከኢስታንቡል የሚያስመጡ። መጨረሻ ላይ ክርስቲያኑ ጎረቤት፣ ጡረተኛው መካኒክ ጋሽ በሪሁን።

«ኑ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሽ ሽኩር።

«መቀመጡንስ እንቀመጣለን» አሉ ጋሽ ፉርቃን። «እህል ውሃ ግን አንቀምስም። ወጉን ታውቀዋለህ። ልጅቷን ሰጥቻለሁ ካልከን ከእጅህ እንበላለን፤ ካላልከን ደግሞ እንደመጣን ጦማችንን እንወጣለን።»

ጋሽ ሽኩር እምቢታቸውን ሊያወጡ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሀፍሷ ትልቅ ትሪ ይዘው ገቡ። ትሪው ላይ ከዛኪር ምድጃ የወጣ ትኩስ ፒዛ ተንሰራፍቷል። አይብ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ አለበት፤ ሥጋ ግን የለበትም። ጋሽ በሪሁንም ሳይሳቀቁ እንዲቆርሱ ታስቦ ነው፤ እትዬ ሀፍሷ ሳያስቡ የሚያደርጉት ነገር የላቸውም።

«ባይበላም ለበረከት ይቀመጥ» አሉና ሚጥሚጣውን ከጎኑ አኖሩት።

«ወይ ጉድ! የፈረንጅ ቂጣ እቤቴ ድረስ ይምጣ?» አሉ ጋሽ ሽኩር።

«የጣሊያን ነው» አሉ ጋሽ በሪሁን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «በወጣትነቴ አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ፣ የባለቤቱ ሚስት እሑድ እሑድ ትጋግርልን ነበር። አገሯ ናፖሊ ድሃው መንገድ ላይ እያጠፈ የሚበላው ነው ትለን ነበር። ሀብታሙ የቀመሰው ኋላ ነው።»

«ጣሊያንስ ከማን ተማረው?» አሉ ጋሽ ኢስሐቅ ሞቅ ብሏቸው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ! ኢስታንቡል በሄድኩ ቁጥር ቱርኮቹ የተፈጨ ሥጋ ስስ ቂጣ ላይ ለጥፈው፣ ሎሚ ጨምቀው ያበሉኛል። አባቴስ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከየመን ይዘውት የመጡት ፈጢራ? ሊጡን እንደ ሻሽ አሳስተው፣ እንቁላል አፍስሰውበት! ጣሊያን ባሕር ተሻግሮ ከእኛ የወሰደው ነው።»

«ሲሻገር አንተ ነህ ያየኸው?» አሉ ጋሽ በሪሁን።

«አንተስ ሲፈጥሩት ነበርክ?»

ክርክሩ ጋለ፤ የመጡበት ጉዳይ ከናካቴው ተረሳ። ጋሽ ሽኩር መጀመሪያ ይሰሙ ነበር። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ይከነክናቸው ጀመር። ቅድም የናቁት ቂጣ ባለቤት በዛበት። አንዱ የጣሊያን፣ ሌላው የቱርክና የየመን ሲል የእሳቸውን አገር የሚያነሣ ጠፋ። ይሄማ ንቀት ነው! ደግሞስ ሰው የሚሻማበትን ዕቃ ዝም ብሎ የሚያይ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው?

«በቃ ዝም በሉ!» ብለው ብድግ አሉ። «ሳስ አድርጎ ጋግሮ፣ ላዩ ላይ አይብና ጎመን ነስንሶ መብላት ከእኛ በፊት ማን ያውቃል? እናቴ ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል ትጋግርና፣ ትኩሱ ላይ አይቡን፣ ጎመኑን፣ ቅቤውን... ይሄ ፒዛ ካልሆነ ምንድን ነው? ጣሊያን በስንዴ አደረገው እንጂ ነገሩ የእኛው ነው፣ ወላሂ!»

«እንግዲያው ልጁ የእናትህን ሙያ ነው የያዘው በለኛ» አሉ ጋሽ ኢስሐቅ ፈገግ ብለው።

«ታዲያስ! ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው!»

ጋሽ ሽኩር ሚጥሚጣውን ነሰነሱበት። ከመሃሉ ደህና አድርገው ቆረሱ፤ ጠቀለሉ። እስካሁን ዝም ብለው የነበሩት ጋሽ ፉርቃን «ሽኩር፣ እኔ እንኳ የሚመስለኝ...» ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ ጉርሻው ሰተት ብሎ ገባ።

«እንካ! አንተ ያገሬ ልጅ፣ መስክር! የማን ነው?»



ጋሽ ፉርቃን ጉንጫቸው እንደተነፋ ቀሩ። አያኝኩ ነገር ቃል አለባቸው፤ አይተፉ ነገር ጉርሻ መትፋት ነውር ነው። ጋሽ በሪሁን ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ፤ እትዬ ሀፍሷ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታማ ጭራሽ መድኃኒትም የለው።

ጋሽ ሽኩር ያደረጉት የገባቸው ይሄኔ ነው። «ረስቼ ነው» ቢሉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ጋሽ ፉርቃንም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ደጅ ወጥተው፣ ተፍተው፣ ተሰናብተው ይሄዳሉ። ጋሽ ሽኩር ይህንኑ ሊሉ አፋቸውን አሰናድተው ነበር፤ ግን በሩ ላይ ሰሀርን አዩዋት። መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ፒዛውንም ሽማግሌዎቹንም አላየችም፤ የምታየው እሳቸውን ብቻ ነው። ያቺ ቀኑን ሙሉ ስታዛቸው የምትውል ልጅ ዛሬ ትለምናቸዋለች።

«አባዬ...» አለች።

ጋሽ ሽኩር እንደምትናፍቃቸው አወቁት፤ ነገ ሱቁን ሲከፍቱ ጀምሮ እንደምትናፍቃቸው። እንዲህ እያየቻቸው ግን እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ? ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ሚጥሚጣው ነው» አሉ፤ ያመናቸው ሰው የለም።

ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

«ዋጠው» አሉ።

ጋሽ ፉርቃን ያልሰሙ ይመስል ዓይናቸውን አፈጠጡ።

«ዋጠው እንጂ፣ ፉርቃን! ልጄን ሰጥቻለሁ... ዋጠው!»