ማንንም የማያሳልፍ ተቀባይ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆነ። የኒሚያ ስክሪን አሁንም "የመኪና ጥያቄ፦ ዜሮ" ይላል።

ወንዙ ከትናንት ወዲህ ሁለት ስንዝር ጨምሯል። የአሱንሲዮን ከተማ ሬዲዮ በየግማሽ ሰዓቱ የወንዝ ዳር ሰፈር ሰዎች፣ ዕቃ የሚያነሳ መኪና የምትፈልጉ በስልካችሁ ጠይቁ እያለ የእርዳታ ማኅበሩን ገጽ ያስተዋውቃል። ገጹን የሠራችው ኒሚያ ናት።

"ዜሮ?" አለች የመኪና ስምሪት ኃላፊዋ ራሞና፣ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ። "ሰፈሩ በሙሉ ዓሣ ሆኖ ቀረ እንዴ? አራት መኪና ገትሬ ሾፌሮቹ ካርታ ሲጫወቱ ልዋል? አሥር ሰዓት ላይ መንገዱን ውሃ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ጸሎት ነው።"

"እያየሁት ነው።" ኒሚያ ተነሳች። ተቀመጠች። ገጹን እንደገና ከፈተችው። ዜሮ።

ከገጹ በስተጀርባ ያለው ሰርቨር የማኅበሩ አንጋፋ ባለሙያ የዶን ኤላዲዮ ሥራ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ብቻቸውን ጻፉት። የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ተቀባይ ለሚባል አንድ የፕሮግራም ክፍል ከመስጠት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። አዲሱ ገጽ ሲታሰብ ሽማግሌው "ከእኔ ሥራ አንድ ፊደል እንዳትነኪ፣ ልጄ" ነበር ያሉት። አልነካችም። የማይገጥም ሶኬት ላይ አዳፕተር እንደሚሰካ፣ እሷም ሰርቨሩ ላይ አዳፕተር ገጠመችበት። ያኔ በአንዱ ተቀባይ ቦታ ትንንሽ ተቀባዮች ተያይዘው መሰለፍ ቻሉ፤ አንዱ ለመኪና፣ አንዱ ለመጠለያ፣ አንዱ ለመድኃኒት። ጥያቄው የራሱ የሆነ ይመልሳል፣ ያልሆነ ለቀጣዩ ያሳልፋል። ለየብቻ ስትሞክራቸው ሁሉም ሠርተው ነበር።

በራሷ ስልክ መኪና ጠየቀች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ደርሶናል፤ እናያለን።"

እንዲህ ብላ አልጻፈችም።

ሰልፉን ከፍታ አየችው። ከሁሉም ፊት የዶን ኤላዲዮ ተቀባይ ቆሟል። እዚያ ያቆመችው ራሷ ናት። በዚህ ቤት በር ላይ እንኳ እሳቸውን ቀድሞ የሚገባ የለም፤ ሥራቸውን ከኋላ ማድረግ ነውር መስሏት ነበር። የራሱ ያልሆነውን ያሳልፋል ብላ አምና ነበር እንጂ፣ ማሳለፍ የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቅም። የማያውቀውን ሁሉ "ደርሶናል" ብሎ ያስቀረዋል።

የሽማግሌውን ተቀባይ የያዘውን አንድ መስመር ቆርጣ ከሰልፉ መጨረሻ ለጠፈችው። ስክሪኑ አንድ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለት። ስህተቱ ማንም ሳያውቀው ሊያልፍ ይችል ነበር። ግን ከማለዳ ጀምሮ ደርሶናል የተባሉት ሰዎች ደግመው አይጠይቁም። መኪና እየጠበቁ ነው። ጥያቄያቸው የት እንደገባ የሚያውቁት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

ወደ ግቢው ወጣች። ዶን ኤላዲዮ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቴሬሬ የሚሉትን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ በቀንድ ዋንጫ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ዶን ኤላዲዮ... የእርስዎ ተቀባይ የራሱ ያልሆነውን አያሳልፍም።"

"ለማን ያሳልፍ? ስጽፈው ብቻውን ነበር።"

"የማያውቀውን የለም ማለት ነበረበት።"

"ለሰው? ደጄ የመጣን ሰው የለም ብዬ በር ልዝጋበት? እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም።" ጎንጨት አሉ። "ታዲያ ምን አደረግሽው?"

"መጨረሻ ላይ አደረግሁት።"

ዋንጫውን አግዳሚው ላይ አኖሩት። "ከመድኃኒቱም ኋላ?"

"ከሁሉም ኋላ። የጠዋቱ ጥያቄዎች ግን እርስዎ ጋ ናቸው። ሰዎች እየጠበቁ ነው።"

"ዶን!" ብላ ጮኸች ራሞና በመስኮት። "ወንዙ እኮ ቴሬሬዎን እስኪጨርሱ አይጠብቅም!"

ተነስተው ገቡ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ባለቤት ያጣ ጥያቄ የሚጠራቀምበትን ፋይል ከፈቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ በአንድ ያነቡታል፤ እናያለን ሲሉ ማየታቸው ነበር። የዛሬዎቹ አርባ አንድ ናቸው። ተቀባዩ ግን ረጅም ጽሑፍ ይቆርጣል። ስምና ስልክ ተርፏል፣ የቤቱ ቦታ የለም።

"ይደወላል" አሉ። "ግማሹን እኔ።"

"አራቱ መኪኖች እስከ አሥር ሰዓት የሃያ ስድስት ቤት ዕቃ ያነሳሉ" አለች ራሞና የሰፈሩን ካርታ እየዘረጋች። "ውሃው የተጠጋቸው ይቅደሙ። ሌላው ለነገ።"

ኒሚያ ለእህቷ ልደት እንኳ ጽፋ ነው የምትልከው፤ ስልክ ያስፈራታል። የመጀመሪያውን ቁጥር መታች።

"ሴኞራ ፔትሮና?"

"እናንተ ናችሁ? አልጋው ደጅ፣ ፍሪጁ ደጅ፣ ዶሮዎቹን አስሬ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ሳይ! የት ደረሰ መኪናው?"

"ቤትዎ በየት በኩል ነው?"

"ከኳስ ሜዳው በላይ።"

ራሞና ካርታውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ከፍታ ነው፤ ውሃው ዛሬ አይደርስበትም። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የዶን ኤላዲዮ ድምፅ ይሰማል፦ "እናያለን፣ እመቤቴ፣ እናያለን..."

"ዛሬ አይመጣም" አለች ኒሚያ።

ወረቀት ስባ የነገውን ተራ በሴትዮዋ ስም ጀመረች።

"ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መኪና የእርስዎ ነው። ጠዋት ደርሶናል ያልንዎት ስህተት ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው።"

"እህ! ወገቤ እስኪቆረጥ ከተሸከምኩ በኋላ!" ድምፁ ከስልኩ ራቀ። "ሁጎ! ፍሪጁን መልሱት፤ ዛሬ አይመጡም!" ከዚያ ተመለሰች። "ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሽ?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት።"

"ስምሽን ንገሪኝ። ልጻፈው።"

ኒሚያ ስሟን ነገረቻት። ሴትዮዋ አልሰማሁም አለች፤ ኒሚያ ጮክ ብላ ደገመችው።