ለሜታልና ለሮክ የሚሆን ፒክአፕ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም. ነበር። ሹፌሩ በዚያ ዕለት ስድሳ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር። ዕድሜውን ከነወሩ የሚናገረው ለትክክለኛነት ነው፤ የመኪናም ሆነ የሰው ጉዞ በግምት አይነገርም ብሎ ያምናል።

በዚህ ሰው ቤት አንድ ውል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሹፌሩና አንዲት ልጁ በእራት ገበታ ላይ ተጋጭተው፣ ነገሩ ከጩኸት ወደ ኩርፊያ አድጎ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእናትየው እጅ ሆነ። እናትየው ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና የሠራች ናት። የሌላ ሰው ንግግር ማገናኘት ጡረታ ከወጣች በኋላም እንዲከተላት አልፈለገችም። ስለዚህ አንድ ቀን ሁለቱንም ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ፈረደች።

«ከዛሬ ጀምሮ እሷ በዚህ ቤት ውስጥ ጊታር አትልም። አንተም ትዳር አትልም። ቃሉ ቤት ስለሚመታ አትረሱትም።»

አልረሱትምም። ልጅቱ ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚዘጋጅበት ክፍል ጥርስ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ክፍሏን ዘግታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ስሙ የማይነሣውን ዕቃ ትጫወታለች። አባትየው በበሯ ሲያልፍ የሚሰማው የክር ጠቅ ጠቅታ ብቻ ነው። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ያልፋል።

ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ቀን፣ ልጅቱ ስድስት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ሜታል የሚባለውን ከባድ ሮክ የሚጫወት ቡድን ጊታር ተጫዋቹ ስለለቀቀበት ሊፈትናት ጠራት። የቡድኑ አለቃ ከበሮ መቺው ነው፤ በሙያው ዳቦ ጋጋሪ። አዳምጧት ሲያበቃ፣ «ጣትሽ ግሩም ነው፤ ጊታርሽ ግን ቀፎ ነው። ንቡ ከዘፈኑ በላይ ይሰማል። ለቅዳሜ ፒክአፑን ቀይረሽ ነዪ፤ ያለዚያ ሌላ ሰው እንወስዳለን» አላት።

ይህ ፒክአፕ የሚባለው ነገር ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የሚቀመጥ፣ የክብሪት ሣጥን የሚያህል ዕቃ ነው። ማግኔት አለው፤ በማግኔቱም ዙሪያ ከጠጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው እሱ ነው። የልጅቱ ርካሽና ባለ ነጠላ ጥቅል ስለሆነ፣ ከክሩ ጋር የመብራቱንም የማቀዝቀዣውንም እሮሮ እየለቀመ ያሰማል።

ችግሩ ጊዜ ነበር። ልጅቱ እስከ ዓርብ የምታስረክበው የላይና የታች ሙሉ ጥርስ ነበረባት፤ ድድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ። ዕቃውን የሚሸጠው ጊታር ጠጋኝ ደግሞ አባቷ ከወዳጆቹ ጋር ከሚውልበት ጋራዥ ጀርባ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት፣ ውሉን ላለማፍረስ ቃሏን እየመረጠች፣

«አባባ፣ ከሜታል ቡድን ጋር ልሠራ ነው» አለችው። «እስከ ዓርብ ፒክአፕ ያስፈልገኛል። ሌላ ጊዜ አስቸግሬህ አላውቅም። ከጋራዡ ጀርባ ላለው ሰውዬ ይቺን ወረቀት አሳይልኝ፤ እሱ ያውቃል።»

ሹፌሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ያንኑ አንድ ነጭ የጭነት ፒክአፕ የነዳ ሰው ነው። የሰማውን እንደሰማው ተረዳው። ልጁ ጥርሱን ትታ ብረታ ብረት ከሚያመላልሱ ሰዎች ጋር ልትሠራ ነው። በመጨረሻ ወደ አባቷ ሙያ መጣች! ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ዞሮ ጫማውን አሠረ፤ ጫማው ግን ማሠሪያ አልነበረውም።

ከጋራዡ ጀርባ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ጊታር ጠጋኙና የመኪና ደላላው። ሹፌሩ ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ደላላው ሄደ። ደላላው ወረቀቱን ከዐይኑ አራቀና ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ለሜታልና ለሮክ የሚሆን።»

«ብረትና ድንጋይ ማለቷ ነው። መንገድ ሥራ ላይ ሳለን መሐንዲሶቹ ድንጋዩን ሮክ ነበር የሚሉት።»

«እሺ። በድልድዩ በኩል የሚገባ።»

«የወንዙን ድልድይ ነዋ። እዚያ ክብደት ይቆጣጠራሉ።»

«ድርብ ጥቅል።»

ሹፌሩ ጥቂት አሰበ። «ጭነቱ የሽቦ ጥቅል ይሆናል። ደርበው ሊጭኑ ነው።»

«ሴራሚክ ቢሆን ይመረጣል።» ደላላው ወረቀቱን ዝቅ አደረገው። «ሰውዬ፣ ልጅህ የምትፈልገው መኪና ነው ወይስ መታጠቢያ ቤት?»

«ጥርስ ሠሪ ናት እኮ። ንጽሕና ለምዳለች።»

«ይሁን። ባትሪ የማይፈልግ።»

ደላላው የወረቀቱን ጀርባ ገልብጦ አየ። ከጋራዡ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ባትሪ ከሌለው በምን ይነሣል?» አለ ደላላው።

«በቁልቁለት» አለ ሹፌሩ፤ ልቡ ግን አላመነበትም።

«ጉልበቱ ከፍ ያለ፣ ግን የማይጮህ። ጥቁር።» ደላላው ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። «ጉልበት ያለው፣ የማይጮህ፣ ጥቁር! ወዳጄ፣ ይህቺ ልጅ የፈለገችው መኪና ሳይሆን ትዳር ነው።»

«እሱ ቃል አይባልም!» አለ ሹፌሩ ደንግጦ፤ ግራና ቀኙንም አየ።

በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና እንደሌለ ደላላው ማለለት። ሹፌሩ ወደ ቤቱ በእግሩ ተመለሰ፤ መንገድ ላይም ሦስት ጊዜ ቆመ። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳች ነገር ለምናው አታውቅም። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለምነው የለም ሊላት ነው? አራተኛ ጊዜ ሲቆም ውሳኔው ላይ ደረሰ። የማይገኘውን መኪና ይሠራዋል፤ የሚሠራውም ከራሱ መኪና ነው። እሱ እንግዲህ በቃው፤ ቁልፉን ለልጁ ያስረክባል።

ረቡዕ ነጩን ፒክአፕ ጥቁር ቀለም አስቀባው። ሐሙስ አዲስ ማርሚታ አስገጠመለትና የሞተሩን ጩኸት አስጠፋው። ባትሪውንም ፈትቶ መጋዘን አስገባ። ዓርብ ጠዋት ጎረቤቱን ንጣፍ ሠሪ ጠርቶ የጭነት ሣጥኑን ወለል በነጭ ሴራሚክ አስነጠፈው። በላዩም ለድርብ ጥቅሉ ማሠሪያ የሚሆን ገመድ አስቀመጠ። እናትየው በመስኮት ሆና ታይ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ያዘዘችኝ ነው።»

«ሴራሚኩንም?»

«ቢሆን ይመረጣል ብላለች።»

እናትየው ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። «አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ተሳስቷል» አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ልጅቱ ጥርሱን አስረክባ እየሮጠች መጣች። «አባባ፣ ፒክአፑስ?» አለች ገና ከበሩ። ሹፌሩ መልስ ሳይሰጥ እጇን ይዞ ወደ ጓሮው ወሰዳት። ጥቁሩ መኪና ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል፤ ሴራሚኩ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼዋለሁ» አለ። ቀጥሎ ሊናገረው ያዘጋጀው ንግግር ነበረ፤ እሱን ትቶ የመኪናውን በር ከፈተላት።

ልጅቱ መኪናውን አየች፤ ቁልፉን አየች፤ የመኪናውን ወለል ደግማ አየች። «አባባ፣ እኔ እኮ የጠየቅሁህ የጊ…» አለችና ተከትላቸው ወደ ወጣችው እናቷ ዞረች።

«ተናገሪ» አለች እናትየው። «ለዛሬ ውሉ ታግዷል።»

«የጊታር ፒክአፕ ነው!»

ሹፌሩ ይህን ለመረዳት ብዙ ደከመ። «ጊታር መኪና አለው እንዴ?» አለ በመጨረሻ።

ልጅቱ ሳቀች፤ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ጊታር ጠጋኙ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ቅዳሜ አይከፍትም፤ ፈተናው ደግሞ ነገ ነው። ሹፌሩ የልቅሶውን ምክንያት ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ረሳ።

«ያን ዕቃሽን አምጪና ግቢ!» አለ። ባትሪ ለመግጠም ጊዜ አልነበረም። እናትየው ድንጋዩን አነሣች፤ በሁለት እጇም ገፋች። ፒክአፑ የዱሮ ናፍጣ ስለሆነ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ በግማሽ መንገድ ተነሣ፤ ሴራሚኩም በየጉድጓዱ አንድ አንድ እያለ ወደ አስፋልቱ ይወርድ ነበር።

ጊታር ጠጋኙ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ ነበር የደረሱበት። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ችኮላ የማያውቅ ሰው ነው። የልጅቱን ጊታር ፈታ፤ የዱሮውን ፒክአፕ አወጣ፤ ሁለት አዳዲስ ፒክአፖችንም ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሁለቱም ባትሪ የማይፈልጉ፣ ድርብ ጥቅል ናቸው» አለ። «አንደኛው ጥቅል ከወዲህ፣ ሌላኛው ከወዲያ ስለሚጠመጠም የመብራቱን እሮሮ ያጠፋፉታል። ይሄኛው ማግኔቱ ሴራሚክ ነው፤ ሽቦው እጅግ የበዛ፣ ጉልበቱም የከበደ። ይሄኛው አልኒኮ በሚባል ማግኔት የተሠራ ነው፤ ጉልበቱ መጠነኛ።»

«ሴራሚኩ!» አለች ልጅቱ።

«ሴራሚክ ይቅርብን» አለ ሹፌሩ፤ የወደቀበትን ሸክላ እያሰበ።

ጠጋኙ ሴራሚኩን ከክሮቹ ሥር፣ ድልድይ በሚባለው የክሮቹ መደገፊያ አጠገብ አስቀምጦ ለጊዜው በመቆንጠጫ ሽቦ አገናኘው። ማጉያውን አበራ። ጸጥ አለ።

«ሞተሩ ጠፋ?» አለ ሹፌሩ።

«አልጠፋም፣ አባቴ። እሮሮ የሌለው ነው።»

ልጅቱ ድምፁን የሚያጎረብጠውን ፔዳል በእግሯ ረገጠች፤ አባትየው ክላች መስሎት አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ክሮቹን መታች። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሹፌሩ ይህን ዕቃ በር ሳይጋርደው ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር። ሊናደድ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ጆሮው ያለ ፈቃዱ ወደ ሥራው ገባ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሞተር ውስጥ የታመመውን ክፍል በጆሮ የለየ ሰው ነውና።

«ጭነት በዝቶበታል» አለ።

«አባባ፣ ሜታል እኮ ነው! መክበድ አለበት።»

«ይክበድ። ግን ስንት ክር ነው የመታሽው?»

«አንተ ንገረኝ!» አለችው በእልህ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ መታች።

«ሁለት።»

«አምስት ነበር።»

ደግማ መታች። «አንድ» አለ። አራት ነበር።

ጠጋኙ ሁለተኛውን አገናኘ። ሹፌሩ ከግድግዳው አልዞረም። ልጅቱ ያንኑ ፔዳል ረግጣ በዚያው ኃይል መታች።

«ሦስት።»

ልክ ነበር። ደግማ መታች።

«አምስት። አራተኛው ክር ትንሽ ላልቷል፤ አጥብቂው።»

ልጅቱ አራተኛውን ክር ሞከረችው። ላልቶ ነበር።

«ሴራሚክ ሁሉ እንዲህ አይደለም» አለ ጠጋኙ። «የዚህኛው ሽቦ ስለበዛ ነው። ጉልበት ሲጨመር ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። አባቴ ትክክል ናቸው።»

ልጅቱ ሁለቱን ፒክአፖች በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ዳቦ ጋጋሪው ክብደት ይወዳል፤ ነገ ቀለለ ብሎ ቢመልሳትስ? ስድስት ዓመት የተመኘችው ቦታ መዳፏ ላይ ባለው በዚህ ትንሽ ዕቃ ተንጠልጥሏል። «ከቀረሁ ባንተ ነው፣ አባባ» አለችና አልኒኮውን ለጠጋኙ ሰጠችው። ሹፌሩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ፈተናው በዳቦ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሹፌሩ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ዳቦ ጋጋሪው ከበሮው ኋላ ገባ፤ ባስ ጊታር የሚጫወተው ፋርማሲስት ጥግ ይዞ ቆመ፤ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ቀርቷል። ልጅቱ ጀመረች። እሮሮ የለም፤ እያንዳንዱ ክር እንደ ተሳለ ቢላ ይወጣል። ሹፌሩ በጉልበቱ ላይ በጣቱ ክሮቹን ይቆጥር ነበር።

በዘፈኑ አጋማሽ ዳቦ ጋጋሪው ዱላውን አነሣ። ሁሉም ቆመ።

«ድገሚው» አለ ፊቱን አኮሳትሮ።

ደገመችው። በዚያው ቦታ ላይ እንደገና አስቆማት። ሹፌሩ ከጆንያው ላይ ተነሣ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። ዳቦ ጋጋሪው ግን የሚመለከተው ልጅቱን አልነበረም።

«አንተ» አለ ወደ ፋርማሲስቱ ዞሮ። «ምንድነው የምትጫወተው?»

«ዘፈኑን ነዋ።»

«የትኛውን?»

«ሁለተኛውን።»

«እኛ የምንጫወተው ሦስተኛውን ነው!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ዓመት ጀምሮ!»

 የዱሮው ጊታር ተጫዋች ዕቃም ይጮህ ስለነበረ፣ በጩኸቱ ሥር ሌላ ዘፈን መኖሩን ዓመቱን ሙሉ ማንም አልሰማም ነበር።

«ጥፋቱ የዚህች ጊታር ነው» አለ ፋርማሲስቱ ፊቱ ቀልቶ። «ሁሉን ነገር ታጋልጣለች። በዱሮው ተስማምተን ነበር የምንኖረው። ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ!»

ዳቦ ጋጋሪው ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አኖረና ግንባሩን በሽርጡ ጠረገ። «ማንም አይወጣም» አለ። «እሷ ገብታለች፤ ሰኞ ልምምድ አለ። አንተም ሰኞ ትመጣለህ፤ ሦስተኛውን ተምረህ።»

ልጅቱ አባቷን አቀፈችው። ሹፌሩ፣ ከኋላው ሁለመናው ዱቄት ሆኖ፣ በትከሻዋ ላይ ፋርማሲስቱን አየው። አንገቱን ደፍቶ ባሱን ወደ ማሕደሩ ያስገባል። አዘነለት።

«ልጄ፣» አለው ቀስ ብሎ፣ «ሁለተኛውም ቢሆን ክፉ አልነበረም።»

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። የተጻፈውም ከትውስታ ነው። ፋርማሲስቱ ሁለተኛውን ሳይሆን አራተኛውን ዘፈን ሲጫወት ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ አባትየውም በመጀመሪያው ፒክአፕ የክሮቹን ቁጥር እዚህ ከተጻፈው ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ገምቶ ይሆናል። በዚያ መጋዘን የነበራችሁ፣ ወይም ሙያውን በቅርብ የምታውቁ አንባቢዎች ሆይ፣ ስሕተት ያገኛችሁበትን ቦታ አርሙልን፤ እርማቱ በደስታ ይገባል።