የሐጂ ሰይድ ህንፃ ፍሳሽ ወዴት ሄደ?

፩.

አፍንጫችሁን ያዙ።

፪.

ያዛችሁ? እንግዲያው መግባት እንችላለን። ይህ የሐጂ ሰይድ ህንፃ ነው፤ ደሴ ውስጥ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ የምታገኙት፣ ፊቱን ሰማያዊ መስታወት የለበሰው። ቤዝመንቱ ውስጥ የጨርቅና የምንጣፍ ሱቆች አሉ። መግቢያው ፎቅ ላይ የዘምዘም ምግብ ቤት አለ። ከላይ የጥርስ ሐኪም፣ ከሱ በላይ የልብስ ስፌት፣ ከሁሉም በላይ የቋንቋ ትምህርት ቤት አለ። ሐጂ ሰይድ በሕይወት የሉም፤ ህንፃውን የሚያስተዳድሩት ልጃቸው አቶ ይማም ናቸው።

ሽታው የሚመጣው ከቤዝመንቱ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የወለሉ ማፍሰሻ ውሃ መዋጡን ትቶ መትፋት ጀምሯል። ምን እንደሚተፋ አልዘረዝርም፤ ምሳ በልታችሁ ሊሆን ይችላል።

፫. የተከራዮቹ ስብሰባ ንግግር፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ

አቶ ይማም፦ ቱቦውን የደፈነው የወጥ ቤት ዘይት ነው። እዚህ ህንፃ ውስጥ ወጥ ቤት ያለው ማነው?

(ሰው ሁሉ ዞሮ ዘምዘምን አየ።)

ዘምዘም፦ ጋሼ ይማም፣ እኔኮ ዘይቱን በማጥለያ ነው የማስቀረው። ማጥለያውንም በገዛ እጄ ነው የማጸዳው።

ምንጣፍ ነጋዴው እንድሪስ፦ እሱን ተይው፤ ምንጣፌ ተበላሽቷል። ማንን ልጠይቅ?

ዘምዘም፦ ወላሂ እኔ አይደለሁም!

አቶ ይማም፦ ሰው ቆሻሻ ከሆነ ህንፃው ምን ያድርግ!

፬.

ቆሻሻ።

፭.

ቃሉን ለብቻው ያስቀመጥኩት ዘምዘምም ለብቻው ይዛው ወደ ቤቷ ስለሄደች ነው። መንገድ ዳር ሳምቡሳ ከመጥበስ ተነስታ እዚህ የደረሰች ሴት ናት። የድስቶቿ ቂጥ እንኳ ፊት ያሳያል። ደንበኛ እጁን ሳይታጠብ ከተቀመጠ፣ ሹም ይሁን ሾፌር፣ ታስነሳዋለች። ለእንዲህ ዓይነት ሰው «ቆሻሻ» ተብሎ በሰው ፊት መሰደብ በጥፊ ከመመታት ይብሳል።

በማግስቱ አቶ ይማም ወጥ ቤቷን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያም የፍሳሽ መርማሪ አስጠሩ። ምርመራው ጥፋቱ የዘምዘም ነው ካለ ውሏ ይፈርሳል፣ ምግብ ቤቱ ይዘጋል። ደሴ ደግሞ ስም አይረሳም፤ እንዲህ ተብላ የወጣች ሴት ሌላ ህንፃ ማን ያከራያታል?

፮. መርማሪዋ

ኢንጂነር ትርንጎ ከኮምቦልቻ መጣች። ጉልበቷ ድረስ የሚደርስ ቦቲ ጫማ አድርጋለች። ድምጿ ከእሷ ቀድሞ ገባ።

«የታመመው ህንፃ የታል? ወገኖቼ፣ አትፍሩ። እኔ ያልገባሁበት ቱቦ አልተቀበረም!»

ጉረኛ ናት። እኔ ጉረኛ አልወድም፤ እሷን ግን ወደድኳት።

፯. ፍሳሽ እንዴት ይመረመራል (ቤታችሁ አትሞክሩት)

በረጅም ገመድ ጫፍ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ካሜራ ወደ ቱቦው ልቀቁ። ዓይናችሁን ከስክሪኑ አትንቀሉ። ገመዱን አትግፉት፣ አባብሉት። ሰው ሁሉ ከኋላችሁ ቆሞ «ምን ታየሽ? ምን ታየሽ?» ሲል አትቆጡ።

መጀመሪያ ከቤዝመንቱ በኩል የዘምዘም ቱቦ ታየ። ዘምዘም መዳፏን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ስክሪኑ ላይ ግን ዘይት የለም፤ ጥርት ያለ ቱቦ ነው። መታጠፊያው ላይ ብቻ አንዲት ማንኪያ ተጋድማለች።

«ውይ፣ ማንኪያዬ!» አለች ዘምዘም፤ «በስንቱ ሰው ላይ ነው ያሳበብኩት!»

«ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ይሆናላ» አሉ አቶ ይማም።

ትርንጎ ካሜራውን ወደ ዋናው ቱቦ ሰደደችው። ትንሽ ሄደ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ገመዱም አልሄድ አለ።

፰.

ካሜራው የት እንደቆመ ከላይ ሆኖ የሚያሳውቅ መሣሪያ አለ። ወለል ወለሉን ይዘውት ሲሄዱ፣ ካሜራው ሲርቅ ዝግ ብሎ፣ ሲቀርብ ቶሎ ቶሎ ይጮኻል። ትርንጎ መሣሪያውን ይዛ ቀደመች። ዘምዘም ተከተለች፤ እንድሪስ ተከተለ፤ የጥርስ ሐኪሙ በሽተኛውን አፉን እንደከፈተ ትቶት ወረደ።

ጢጥ።

በቤዝመንቱ ደረጃ ወጡ።

ጢጥ። ጢጥ።

የዘምዘምን በር አልፈው ሄዱ። ዘምዘም ስታልፈው በሩን በዓይኗ ሸኘችው።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ወደ ትልቁ አዳራሽ፣ ወደ እብነ በረዱ።

ጢጥጢጥጢጥጢጥጢጥ

ቆመች። ከእግሯ ሥር፣ በፕላስቲክ ጽጌረዳ ተከቦ፣ የህንፃው የመሠረት ድንጋይ¹ ተኝቷል። «በክቡር ሐጂ ሰይድ እጅ ተቀመጠ» ይላል፣ በወርቅማ ፊደል።

____

¹ ድንጋዩ ግንባታው ሲጀመር የተቀመጠው ውጭ፣ አጥሩ ጥግ ነበር። ህንፃው አልቆ በምርቃቱ ዋዜማ ግን «የአባቴ ስም ዝናብ ላይ አያድርም» ብለው አቶ ይማም ወደ ውስጥ አስገቡት። የት ይቀመጥ ሲባል አዳራሹ መሐል አንድ የብረት ክዳን የእብነ በረዱን ውበት እያበላሸ ነበር። ድንጋዩ ልክ እሱን ሸፈነው። ሁሉም አጨበጨበ። ክዳኑ የምን ክዳን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

፱.

«ይነሳ» አለች ትርንጎ።

«ምኑ?»

«ድንጋዩ። ከሥሩ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፤ የህንፃው ሁሉ ፍሳሽ የሚያልፍበት።»

አቶ ይማም ፊታቸው ተለዋወጠ። «ስሚ ኢንጂነር፣ ይህን ድንጋይ አባቴ በእጁ ነው ያስቀመጠው። በሴት ወጥ ቤት ዘይት የተነሳ የአባቴ ስም አይነቀልም! አትሞክሪው።»

ጉረኛዋ ትርንጎ መሣሪያዋን አጠፋች። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ብሎኬት እንኳ ማንሳት አትችልም። ነጋዴዎቹም አንገታቸውን ደፉ፤ ከአከራይ ጋር ማን ይጣላል?

ዘምዘም ወደፊት ወጣች።

«ጋሼ ይማም፣ ወጥ ቤቴ ከተቆለፈ ሰነበተ። ቁልፉ እርስዎ ኪስ ነው። አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲያው ከላይ እስከ ታች ሰው ሁሉ ውሃ ይልቀቅ። የኔ ጠብታ የለበትም። የሚመጣውን አብረን እንይ።»

«ይለቀቅ!» አሉ አቶ ይማም።

፲.

ትርንጎ ደረጃው ሥር ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ እንደ መለከት አድርጋ፣ ደሴን በሚያነቃ ድምፅ ጮኸች።

«ልቀቁትትት!»

የቋንቋ ተማሪዎቹ ለቀቁ። ልብስ ሰፊዎቹ ለቀቁ። የጥርስ ሐኪሙ ነርስም ለቀቀች። ግድግዳው ውስጥ ውሃው ሲወርድ ተሰማ።

ከዚያ።

ዝም።

ዝም።

በመሠረት ድንጋዩ ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። መስመሩ ወፈረ። አረፋ ደፈቀ። አንዲት የፕላስቲክ ጽጌረዳ ከቦታዋ ተነስታ በእብነ በረዱ ላይ እየዋኘች ወደ አቶ ይማም ጫማ ሄደች።

«የኔ ወጥ ቤት ተቆልፏል» አለች ዘምዘም ቀስ ብላ።

አቶ ይማም ድንጋዩን አዩት፤ የአባታቸው ስም በምን ውስጥ እንደተኛ አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኮታቸውን አውልቀው ለእንድሪስ ሰጡት።

«ዲጅኖ አምጡ። ሌላ ሰው አይንካው። እኔው ነኝ የማነሳው። ቢስሚላህ!»

፲፩. ከጉድጓዱ የወጣ

የደረቀ ሲሚንቶ፣ ከነከረጢቱ።
ግንበኞች የረሱት ጣውላ።
ሌላ ጣውላ።
የአንድ እግር ጫማ (ባለቤቱ እስካሁን አልመጣም)።
ዘይት፦

የለም።

፲፪.

ጉርርርርርርርርርርርርርርርርርርር

፲፫.

ውሃው ነው፤ ሲሄድ። ቤዝመንቱ ውስጥ የቀረው ሰው «ዋጠው! ዋጠው!» እያለ ጮኸ። ከላይ እስከ ታች እልልታው ህንፃውን አናወጠው። ተማሪዎቹ እንደገና ለቀቁ፤ አሁን ለደስታ ነው። ትርንጎ በቦቲዋ ጨፈረች። ዘምዘም ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። እኔ ስጽፈውም ደስ አለኝ፤ ደስታዬን አልደብቅም። ይህች ሴት አሸንፋለች!

አፍንጫችሁን ልቀቁት።

፲፬.

አቶ ይማም፣ ሸሚዛቸው ጭቃ እንደሆነ፣ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት።

ዘምዘም አልተቀበለቻቸውም።

«ቁልፉ ይቆይ፣ ጋሼ። ያን ቃል በሰው ፊት ነው ያወጡት። ሰውም ይኸው እዚህ አለ።»

እልልታው ቆመ። ጥርስ አስነቃዩ ሰውዬ እንኳ፣ ግማሽ ፊቱ እንደደነዘዘ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አቶ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዴ መሬቱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያም ጮክ ብለው፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ተናገሩ።

ያሉትን እኔ አልጽፈውም፤ ቦታውን ለእናንተ ትቻለሁ። እናንተ ከአንድ ሰው አፍ ልትሰሙት ስትጠብቁ የኖራችሁት ቃል አለ፤ ከሱ ብዙ አይርቅም። ዘምዘም እጇን ዘርግታ ቁልፉን የተቀበለችው ይህን ከሰማች በኋላ ነው፦

«                                                                        

                                                                         »