ያጠረው ሱሪና አውሎ ነፋሱ

አባቴ ቆራጭ ነው፤ አጎቴ ሰፊ። ይህ የሥራ ክፍፍላቸው ነው እንጂ በጸባይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ድርቅ ያሉ። ከአያቴ በወረሱት ረጅም ቤት ውስጥ አባቴ ከእናቴና ከእኔ ጋር ከፊት ለፊት ይኖራል፤ የመቁረጫው ጠረጴዛም እዚያው ነው። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ከነስፌት መኪናው በጓሮ በኩል ነው። መሃል ላይ ጠባብ ኮሪደር አለ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ በር፣ በስተግራ ደግሞ መስኮት የሌላት መታጠቢያ ቤት።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው። አይነጋገሩም። ሥራ ግን አላቆሙም፤ ደንበኛ ኩርፊያ አይለብስም። አባቴ ይቆርጣል፣ እኔ የተቆረጠውን ተሸክሜ በኮሪደሩ አልፋለሁ፣ አጎቴ ይሰፋል። ቃላቸውንም የማመላልሰው እኔው ነኝ። «ለዚያ ሰውዬ እጅጌውን ሁለት ሴንቲ ያሳጥር በይው።» «ለአባትሽ መቀሱን ያስል በይው።» የሰፈሩ ሰው ስሜን ትቶ «ስልኳ» ይለኛል።

የጠባቸው መነሻ አንድ የሙሽራ ሱሪ ነው። ያን ቀን አጎቴ በሜትር ይለካል፣ እኔ በቁራጭ ወረቀት እጽፋለሁ። «መቶ ሰባት» አለ። ዐይኔ ግን ሙሽራው ላይ ነበር፤ መልከ መልካም ነበር፣ ምን ላድርግ። መቶ አንድ ብዬ ጻፍኩ። አባቴም በመቶ አንድ ቆረጠው። ሙሽራው ሳይሞክረው ወስዶ በሠርጉ ቀን ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ ወጣ። አባቴ ወንድሙን «መለካት አትችልም» አለው፤ አጎቴ «አንተ መቁረጥ አትችልም» አለ። ወረቀቱ ይምጣ ተባለ፤ ወረቀት የለም። ጓዳ ገብቼ አኝኬ ውጬዋለሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ዓመት። መልእክት ማመላለሱን እንደ ቅጣቴ ቆጥሬ ተቀበልኩት። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበርና በልጅነት እንኳ ማሳበብ አልችልም።

አውሎ ነፋሱ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ሬዲዮው መስኮት ወደሌለው ክፍል ግቡ፣ ከውጭ ግድግዳ ራቁ እያለ ደጋገመ። ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ሰማይ አረንጓዴ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እናቴ የጣቃ ጨርቅ የምናስቀምጥበትን ዕቃ ቤት ከፍታ ለአራት ሰው የሚሆን ቦታ ማስለቀቅ ጀመረች። አባቴ ጠመኔውን ከጆሮው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ዞረ።

«ለዚያ ሰውዬ ወደዚህ ይምጣ በይው።»

ሄድኩ። አጎቴ ቁልፍ እየተከለ ነበር። «እኔ ጋ የብረት ጠረጴዛ አለ። እነሱ ይምጡ በይው» አለ፤ ቀና እንኳ አላለም።

ተመለስኩ። «ታላቅ ወደ ታናሽ ሲሄድ የት አይተሻል?» አለ አባቴ።

እንደገና ሄድኩ። ከበር እስከ በር ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ለዓመታት ቆጥሬዋለሁ። መሬት ቀውጢ ልትሆን ነው፣ እነሱ የታላቅና ታናሽ ወግ ይዘዋል። በሽቄ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የበሸቅኩት በራሴ ነበር።

«አጎቴ፣ በእናትህ ተነስ» አልኩት።

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። «እሺ። ራሱ 'ና' ይበለኝ። አንዲት ቃል ናት። ካለኝ እመጣለሁ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ከተሸከምኩት መልእክት ሁሉ ደህናው ይህ ነበር። ይዤው ሮጥኩ። ኮሪደሩ መሃል ስደርስ መብራቱ ጠፋ፤ ነፋሱ ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ከኋላዬም ከፊቴም ደረገማቸው። የአባቴን በር ገፋሁት፤ አልከፈት አለ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ተንሸራቶ ገጥሞበት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ጮህኩ። የራሴን ድምፅ እኔም አልሰማሁትም።

ወደ አጎቴ በር ለመመለስ ጊዜ አልነበረም፤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ራሴ ላይ ደፍቼ ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ። በኋላ ነፋሱ የቆየው አራት ደቂቃ ነው አሉ። ድምፁ ጣሪያው ላይ እንደሚሄድ ከባድ መኪና ነበር። ቆርቆሮው አንድ በአንድ ሲነቀል ይሰማኛል፤ ከዚያ የኮሪደሩ ግድግዳ ወደቀና በሩን ዘጋብኝ፤ የቧንቧው ውሃ ፊቴ ላይ ይፈስ ጀመር። ፈርቼ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር። ያሰብኩት ግን ስለዚያ ወረቀት ነው። እኔ እዚህ ብሞት ሱሪው ለምን እንዳጠረ የሚያውቅ ሰው አይቀርም፤ ሁለቱም እንደተኳረፉ መቃብር ይወርዳሉ። ብተርፍ እናገራለሁ ብዬ ማልኩ። ሰው በጭንቅ ጊዜ የማይምለው የለም።

ከዚያ ነፋሱ ዝም አለ። መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው። ቀጥሎ የሚንኮታኮት እንጨት፣ ቀጥሎ ከሁለት በኩል የሚመጣ የእግር ኮቴ። ኮቴዎቹ እኔ ካለሁበት ፍርስራሽ አጠገብ ተገናኙና ቆሙ።

«ልጅቷስ?» አለ አባቴ።

«አንተ ጋ አይደለችም እንዴ?»

«ኧረ አንተ ጋ ናት ብዬ እኮ ነው... ወደ አንተ ልኬያት...»

«እኔ መልሼ ላክኋት። ገብታለች ብዬ...»

እናቴ ጮኸች። እዚህ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን ዘጋሁት። ይህን በማድረጌ እስከ ዛሬ እናቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በቀጥታ እየተነጋገሩ ነበር፤ ፊት ለፊት፣ ያለ እኔ። ጥቂት ልስማ ብዬ ነው።

«አንተ ነህ! ስትጠራ መምጣት አትችልም?» አለ አባቴ። እያለቀሰ ነበር፤ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።

«በሰው ከመላክ አንድ ጊዜ ና ብትለኝ ምን ነበረበት?» አጎቴም ያለቅሳል። «ሁልጊዜ ጥፋቱ የእኔ! የዚያ ሱሪ ጊዜም...»

«ሱሪውማ አንተ ነህ! መቶ አንድ ብለህ...»

«መቶ ሰባት ነው ያልኩት!»

ሬሳዬን በሚፈልጉበት ቦታ ላይ ቆመው ስለ ሱሪ ሊጣሉ ነው። ይህን መቻል አቃተኝ።

«መቶ ሰባት ነው ያለው!» አልኩ ከሳፋው ሥር። «ተሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱንም እኔ ነኝ የበላሁት።»



ከዚያ ጡቡን ያነሱ ጀመር። አነሳሳቸው ድሮ ትልቅ ካፖርት አብረው ሲገጣጥሙ እንደነበረው ነው፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይስባል፣ «ያዝ»፣ «ቀስ»፣ «በዚህ በኩል ልቀቅ»። እናቴ በመጀመሪያው ቀዳዳ እጇን ሰድዳ ፊቴን ያዘችና በሩ እስኪከፈት ድረስ አልለቀቀችም። ሁለቱ ወንድማማቾችም ገብተው ደረታቸው ላይ አጣበቁኝ፤ ማን የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም። ግንባሬ ተጭሯል፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

በመጨረሻ ሁለቱ ጎን ለጎን ፍርስራሹ ላይ ተቀመጡ። የአጎቴ ክፍል ጣሪያ የለም፤ የስፌት መኪናው ጓሮው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። «ከእኛ ጋ ታድራለህ» አለው አባቴ። «እሺ» አለ አጎቴ። እኔ ውሃው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነኝ። አባቴ አንድ ጊዜ አየኝ። ነገሩ አሁን ገና የገባው ይመስለኛል፤ ሦስት ዓመቱ፣ ወረቀቱ፣ ሁሉም። ፊቱን ወደ ወንድሙ መለሰ።

«ለዚያች ልጅ ከውሃው ትነሳ በላት፤ ብርድ ይመታታል።»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባትሽ ከውሃው ተነሺ ይላል። እኔም እላለሁ። ከዚህ በላይ ግን ለጊዜው አላናግርሽም።»

ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ። እንባዬ ይወርዳል፣ ግን እየሳቅኩም ነበር።

«ለአባቴ እሺ ብላለች በለው» አልኩት።