ታት ሉሽ የዘለሏት ቀን

ታት ሉሽ የመንደሩ ቀን ቆጣሪ ናቸው። ሕፃን ሲወለድ ቀኑን ቆጥረው ዕጣውን የሚናገሩት፣ ሰው ሲታመም፣ ሲጋባ፣ ሲጣላ ቀያይ የዕጣ ፍሬዎች ዘርግተው የሚፈርዱት እሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት ጠዋት ግን ራሳቸው አልጋ ላይ ወድቀው "ታሊንን ጥሩልኝ" አሉ። ታሊንም ወገቧ ላይ አስራ የምትሸምንበትን ክር ፈትታ መጣች።

ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ዓመት ያለፈው ባልታዛር ሽማግሌ ልኮባታል፤ ሲልክባት ሁለተኛ ጊዜው ነው። በሃያ ዓመቷ እንቢ ያለችው ጠልታው እንዳይመስላችሁ፤ ኧረ ስትወደው ለጉድ ነው! ግን የውሻው ቀን፣ የጽእ ልጅ ናት። የጽእ ሴት ትዳር አይጸናላትም፣ ያገባት ሰው ቤቱ ይፈርሳል ይላሉ። የሚወዱትን ሰው ቤት እያወቁ ማን ያፈርሳል? ነገ ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲመጡም ያው እንቢ ልትል ነው። አሁን አርባ ሁለት ዓመቷ ነው።

"ቅረቢ ልጄ" አሉ ታት ሉሽ። "አንቺ የጽእ ልጅ አይደለሽም።"

"ምን አሉኝ?"

"ባጽ ነሽ። የክሩ ቀን ልጅ።"

ታሊን ትኩሳት እያስቀባጠራቸው መስሏት ግንባራቸውን ዳሰሰች። ምንም ትኩሳት የለም። ባጽ! ቤት የሚያስር፣ ትውልድ ከትውልድ የሚቀጥል ክር! ወንድ ልጅ ያላቸው እናቶች ምራት ሲመኙ የሚሳሉበት ቀን እኮ ነው።

"አንቺ ልትወለጂ ሰሞን ንዳድ ጥሎኝ ነበር" አሉ። "ስነቃ ሚስቴን ስንት ሌሊት ተኛሁ ብላት ሁለት አለችኝ። ለካ ሦስት ነው። እኔም አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቼ ቆጠራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱ ተወለድሽ፤ ጽእ ናት አልኩ። እሁድ ገበያ ላይ የታች ሰፈሩን ቀን ቆጣሪ ሳገኘው ነው ስህተቴን ያወቅኩት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ቀን የጠፋበትን ቀን ቆጣሪ ማን ያምነዋል ልጄ? ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል…"

ወይ ጉድ! አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ! ታሊን በሩን በርግዳ ወጣች። ስድቡ ደጅ ከወጣች በኋላ መጣላት፤ ግን ከስድቡ ጋር ሌላም ነገር መጣ። ነገ እሺ ማለት ትችላለች። እሺ! መንገድ ላይ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች፤ እንጨት የተሸከመች ሴት ዞራ አየቻት።

እናቷ ናን ሼፓ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች።

"እማዬ ጉድ ስሚ! ታት ሉሽ ተሳስተው ነው! እኔ ባጽ ነኝ እኮ፣ ባጽ!"

እናቷ ቀና አላለችም። ሌላ በቆሎ አነሳች።

"እማዬ፣ አልሰማሽኝም?"

"ሰማሁሽ።"

"ታዲያ ምነው አልደነገጥሽ?"

"ምን ያስደነግጠኛል? አንቺን ስወልድ ያዋለደችኝ አክስቴ ነበረች። እሷ ደግሞ የቀን ቆጠራ አትስትም።"

መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ግን ገባት። ሰው ከጠላቱ ይጠብቃል፤ ከእናቱ እንዴት ብሎ ይጠብቅ?

"ታውቂ ነበር?"

"አራት ልጅ ቀብሬያለሁ" አለች ናን ሼፓ፣ አሁንም በቆሎውን እያየች። "የባጽ ሴት ገና ጡት ሳታወጣ ነው ሽማግሌ ደጅ የሚያጣብብላት። የጽእን ልጅ ግን ማንም አይወስድብኝም። ሉሽ ሲሳሳት እሰይ ብዬ ዝም አልኩ።"

"በየጽእ ቀኑ መሠዊያው ላይ ሻማ እያበራሽ ስታለቅሺ የነበረውስ? ለእኔ አልነበረም?"

"ለራሴ ነው፣ ይቅር እንዲለኝ።" ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ደግሞ ከእኔ ጋር ምን ጎደለብሽ?" አለች።

ምን ጎደለብሽ! ባልታዛር ሌላ ሴት ያገባ ዕለት ታሊን ጥግ ይዛ ስታነባ፣ ይህችው እናቷ ፀጉሯን እያበጠረች "ዕጣሽ ነው፣ ቻይው" ብላታለች። እያወቀች! ታሊን ጮኻ ማልቀስ ፈለገች፤ እንባ እንቢ አላት። ነጠላዋን ብቻ ከመስቀያው አወረደች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ባልታዛር ቤት።"

"ሽማግሌ ሳይመጣ? በጠራራ ፀሐይ? ሰው ምን ይላል?"

"ውሻ ሲለኝ ኖሮ የለ? አሁን ደግሞ የፈለገውን ይበል።"

"ታሊን!" እናቷ ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ በቆሎው ከጭኗ ላይ ተበተነ። "ጥለሽኝ ልትሄጂ? ምሳዬንስ ማን ይሰጠኛል?"

ታሊን በሩ ላይ ቆመች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረችው እሷ ናት።

"የቶርቲላ ቂጣው በጨርቅ ተጠቅልሎ ምድጃው ጥግ አለልሽ" አለቻት። "ተነሺና ራስሽ አንሺ።"

ወደ ባልታዛር ቤት ቁልቁል ወረደች።