ማስተካከያዋ ብሎን

ኔቪል ከሞተሩ ያወጣውን ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን፣ በጨርቅ ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረው። ጫፉ ነጥቷል። ጤነኛ ቢሆን ቡናማ መሆን የነበረበት ነገር ኖራ የተቀባ መስሏል፤ ሞተሩ ለሚስበው አየር የሚበቃ ቤንዚን አላገኘም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ግን ካንዴላ መፍታት አላስፈለገውም ነበር። ጠዋት ሚስቱ ግሌኒስ በሰማያዊዋ የውድድር መኪናቸው ኮረብታውን ስትወጣ ከታች ቆሞ ሰምቶታል። በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ሞተሩ ጠጠር እንደዋጠ መንኳኳት ሲጀምር እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳች። በስልሳ ሰከንድ ከሁለት አሥረኛ ገባች።

«እንዴት ነው?» አለችው፣ በታጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቋሊማ በዳቦዋን እየገመጠች።

«ደህና ነው። እዚያች ቦታ ላይ አሁንም እግርሽን አንሺ።»

ግሌኒስ ሽቅብ ወደ መንገዱ አየች። ታልቦት ኮረብታን ከስልሳ ሰከንድ በታች ለመውጣት አሥራ አንድ ዓመት ለፍታለች። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ መንገዱ ለድንጋይ ማውጫ ይታጠራል። የቀራት ከምሳ በኋላ ያለችው አንዲት ሩጫ ብቻ ናት።

ነገሩ የመጣው በገና ሰሞን ነው። ኔቪል የሰማያዊዋን መኪና ካምሻፍት፣ የሞተሩን አየር ማስገቢያ የሚከፍተውን ዘንግ፣ ቀየረና ሞተሩ ከቀድሞው የበዛ አየር መሳብ ሲጀምር ቤንዚኑ አነሰው። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አልነበረም። ፋብሪካው የገጠመው የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ አንድ ልክ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱን አውጥቶ አናቱ ላይ ማስተካከያ ብሎን ያለውን መግጠም ነው። በፋሲካ ሰሞን ግሌኒስ ራሷ ገዝታ አመጣችለት። ሦስት ወር ሙሉ ከካርቶኑ አልወጣም። መጀመሪያ ቱቦው ያጥራል አላት፤ ቱቦ ተገዛ። ቀጥሎ ማቆሚያው ጠማማ ነው አለ። በመጨረሻም፣ «የፋብሪካው ምን በደለን?» አለ። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ገና ከሱቅ ሲመጣ ምሳውን ትቶ የሚገጥም ሰው፣ ለዚች ለአንዷ ሰበብ አላልቅበት አለ።

እውነቱን እሱ ያውቃል። ከፋሲካ ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ስም አውጥቶለታል፤ ኔቪል ስሙን ሰምቶ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ይህን ሞተር የሠራው እጁ የራሱ በነበረ ጊዜ ነው። ያቺ ብሎን በሚንቀጠቀጥ እጅ ያለልክ ዞራ ፒስተኑ ቢቀልጥ ሌላ ሞተር መሥራት አይችልም። ስለዚህ እግርሽን አንሺ ይላታል። እግሯን ካነሳች ሞተሩ ይተርፋል፤ ስልሳው ግን አይሰበርም።

ጎናቸው መኪናውን ያቆመው ሌላው ተወዳዳሪ ራስል አፉ አያርፍም። ጠዋት በሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ ከስምንት ገብቶ ደረቱን ነፍቷል።

«ኔቭ፣ ያን ካርቶን ታቅፈኸው ትዞራለህ አሉ። መቼ ነው የሚፈለፈለው?»

«አንተ ዝም ስትል» አለው ኔቪልና ካንዴላውን ሊመልስ ጎንበስ አለ።

የካንዴላው ጥርስ ከቀዳዳው ጋር አልያያዝ አለው። ደገመ። ሦስተኛ ሲሞክር ካንዴላው ከጣቱ አምልጦ ኮፈኑን ነክቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ኔቪል ላብ የጠረገ መስሎ ቀና ሲል ግሌኒስ ማኘክ አቁማለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ኔቪል።»

ሙሉ ስሙን ስትጠራው ማምለጫ እንደሌለው ሠላሳ ስምንት ዓመት ተምሯል።

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይቶኛል።»

«ብቻህን ሄደህ።» ዳቦዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ቀላ፤ መከፋቱም ንዴቱም አንድ ላይ ነው የመጣባት። «አንድ ትራስ ላይ እየተኛን ሐኪም ቤት ብቻህን። እሱን ማታ እንነጋገርበታለን፤ እረሳዋለሁ ብለህ እንዳታስብ።»

«ግሌን፣ ይሄ ሞተር ከተቃጠለ ሌላ የምሠራበት እጅ የለኝም። ለዚህ ነው ያልገጠምኩት።»

ግሌኒስ ሰዓቷን አየች። ሃምሳ ደቂቃ አላቸው። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

«እንግዲያው እጁ የኔ ይሁን። አፍህ እንደሆነ አይንቀጠቀጥም፤ ንገረኝ።»

«አንቺ እኮ ቁልፍ ይዘሽ አታውቂም።»

«አንተስ መሪ ይዘህ ይሄን ኮረብታ መቼ ወጣህ? እንዴት እንደምነዳ ከማስተማር ግን አንድ ቀን አርፈህ አታውቅም።»

ራስል ሊስቅ ጀምሮ የኔቪልን ፊት ሲያይ ተወው። ማንም ሳያዘው እሳት ማጥፊያውን ከመኪናው አውጥቶ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

እምቢ ማለት ይችል ነበር። እምቢ ቢል አታስገድደውም፤ የራስ ቁሯን ታጠልቃለች፣ እግሯን ታነሳለች፣ ስልሳ ከሁለት ገብታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ኔቪል ሣሩ ላይ የወደቀውን ካንዴላ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ካንዴላውን መልሺና የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ንቀይ» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ ሞተሩን አስነሺውና ቤንዚኑን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ። ግፊት ያለበት ቱቦ አይፈታም።»

ካንዴላውን አስጠርጎ መጀመሪያ በባዶ ጣቷ፣ ከዚያ በቁልፍ አስገጠማት። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትፈታለች። አንዴ ቁልፉ አምልጧት የጣቷን ቆዳ ገሸለጣት፤ ጣቷን መጠጥ አድርጋ ቀጠለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ መቆጣጠሪያ ቦታውን ያዘ። ፊውዙን መልሰው ሲያስነሱት ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥለት፣ በሚኒሞ፣ ቀጥ ብሎ ሠራ። ቤንዚን የሚያንጠባጥብም አልተገኘ።

ግሌኒስ የቤንዚኑን ግፊት የሚለካውን ጌጅ መርፌ አየች። ሠላሳ ስድስት ይላል። ካቻቪቴውን ብሎኗ ላይ አሳረፈች። «አርባ ስምንት ነው ያልከኝ፤ ልሙላው?»

«ተይ፣ እጅሽን አንሺ። መጀመሪያ ቀጭኗን የአየር ቱቦ ንቀይና በጣትሽ ድፈኛት። እሷ ስትስብ መርፌው ይዋሻል። ሳትነቅያት ከሞላሽ ጌጁ አርባ ስምንት እያለሽ ሞተሩ በቤንዚን ይታጠባል።»

ነቀለቻት። መርፌው ብድግ ብሎ አርባ ሦስት ላይ ቆመ። ከዚያ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር፣ እሱ በቃ እስኪላት።

«በቃ?»

«በቃ። ብሎኗን የሚይዘውን ዳዶ አጥብቂና ቱቦዋን መልሺያት።»

ኔቪል ደስ አለው። ከአፉ የወጣው ቃል እሷ እጅ ላይ ሥራ ሆኖ ማየት ይህን ያህል ያስደስተኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ለሦስት ወር የደበቀው ነገር ምን ያህል ይከብደው እንደነበርም ያወቀው አሁን ነው።

ቁጥሯ ሲጠራ መነሻው መስመር ድረስ አብሯት ሄደ። የራስ ቁሯን አጥልቃ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ላንሳ ወይስ አላንሳ?»

ይህን ጥያቄ በየሩጫው ትጠይቀዋለች፣ በየሩጫውም ይመልስላታል።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው» አላት። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

አረንጓዴው መብራት በራ። ሰማያዊዋ አፈር ወደ ኋላ ረጭታ ወጣች። ከሁለተኛው ጥምዝ በኋላ መኪናዋ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ስለምትሰወር፣ ከታች ላለ ሰው የሚቀረው ድምፅ ብቻ ነው። ኔቪል መንገዱን በጆሮው ተከተላት። ቋጥኙ ጋ ደረሰች፣ ድልድዩን አለፈች፣ በግራው ጥምዝ ዞረች፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ቀጥታ ገባች። ድምፁ ከፍ አለ፣ አሁንም ከፍ አለ፣ ሁልጊዜ የሚሰበርባት ቦታ ደረሰ፣ አልተሰበረም።

«ሰዓቱ ወጣ» አለ ራስል ክንዱን እየጎተተ። «ኔቭ፣ ሰሌዳውን እየው እንጂ።»

ኔቪል ዓይኑን ጨፍኗል። ላይ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ ግሌኒስ የመጨረሻውን መስመር አልፋ ማርሽ እየቀነሰች ነበር፤ ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ሞተሩ አንዴም ሳያንኳኳ።

«ቆይ» አለው። «ቆይ፣ ልስማት።»